አንድ ስም፣ ሁለት ካርታ፦ የኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተክርስቲያን መዋቅር ከየት መጣ?

በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተክርስቲያን ውስጥ ከቅዱስ ሲኖዶስ ዕውቅና ውጭ ኤጲስ ቆጶሳት ተሾሙ በተባለ ጊዜ፣ ሀገር ምድሩ ስለ ቤተክርስቲያን አስተዳደር መማር ጀመረ። ጳጳስ የሚሾመው ማን ነው? ሀገረ ስብከት የሚከፈለው በማን ፈቃድ ነው? ሕዝቡ በየትኛው ቋንቋ ይቀደስለት? እነዚህ ጥያቄዎች ከቤተ ክህነት ግቢ ወጥተው ታክሲ ውስጥ የሚወራባቸው ጉዳዮች ሆኑ። ነገሩ ሲረግብ ግን ጥያቄዎቹም አብረው ተረሱ። እኛ ስለ መዋቅር የምንነጋገረው ቤቱ ሲቃጠል ብቻ ነው።

ዛሬ የማነሳው ስለ ሌላ ቤት ነው፤ ስለ ኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተክርስቲያን። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኮች ከሀገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ያህል ትንሽ ለሆነ ማኅበረሰብ ረጅም ጽሑፍ ለምን? ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ይህች ቤተክርስቲያን ስለ ሹመት፣ ስለ ቋንቋና ስለ ክልል የምንጣላባቸውን ጥያቄዎች በሙሉ በራሷ ታሪክ ውስጥ አሳልፋለች። ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤቶቿን የሚያውቋቸው ከምእመናኗ ይልቅ ሌሎቻችን ነን። ከዚህ ቻናል አንባቢዎች መካከል በካቶሊክ ትምህርት ቤት የተማረ ወይም ልጁን ያስተማረ ቁጥሩ ቀላል አይሆንም።

(ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ቃላቱን እንለይ

ከታች ስንጀምር ቁምስና አለ። ኦርቶዶክሱ አጥቢያ የሚለው ማለት ነው። በቤተክርስቲያኒቱ ሕግ ቁምስና ማለት ሕንፃው አይደለም፤ በአንድ አካባቢ በቋሚነት የተደራጁ ምእመናን ናቸው። የሚመራቸው ቆሞስ ነው፤ ቆሞሱን የሚሾመው ደግሞ ጳጳሱ ነው። ምእመናኑ ቆሞሳቸውን አይመርጡም። የገንዘብ ጉዳዮች ምክር ቤት እንዲኖራቸው ሕጉ ያስገድዳል፤ ምክር ቤቱ ግን ስሙ እንደሚለው ይመክራል እንጂ አይወስንም።

ከቁምስናዎች በላይ ሀገረ ስብከት አለ። በካቶሊክ አሠራር ትልቁ ሥልጣን ያለው እዚህ ነው። ብዙ ሰው ከላይ ሮም፣ ከታች ቁምስና፣ መሐል ላይ ደብዳቤ የሚያመላልስ ጽሕፈት ቤት ያለ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ጳጳሱ በሀገረ ስብከቱ ውስጥ ሕግ ያወጣል፣ ይዳኛል፣ ያስተዳድራል። 75 ዓመት ሲሞላው መልቀቂያ ያስገባል። እስከዚያው አለቃው ሮም እንጂ የጎረቤቱ ጳጳስ አይደለም።

ካርዲናልነትስ? ካርዲናልነት የአስተዳደር እርከን አይደለም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱን የመምረጥና የማማከር ማዕረግ ነው። አቡነ ጳውሎስ ጻድዋ በ1985፣ አቡነ ብርሃነኢየሱስ ሱራፌል በ2015 ካርዲናል ሲሆኑ ክብራቸው ጨመረ እንጂ የሚያስተዳድሩት ሀገረ ስብከት በአንድ ቀበሌ አልሰፋም።

ወደ ዋናው ነገር የምንገባው እዚህ ላይ ነው። በዜና ላይ «የኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተክርስቲያን መሪ» ሲባል ስንሰማ፣ የአዲስ አበባው ሊቀ ጳጳስ ከሞያሌ እስከ አዲግራት ያለውን ካቶሊክ ሁሉ የሚያዙ ይመስለናል። አያዙም።

በአንድ ሀገር ሁለት ሕግ

በኢትዮጵያ ውስጥ 13 የካቶሊክ አስተዳደር ክልሎች አሉ። በዕለት ተዕለት አነጋገር ሁሉንም ሀገረ ስብከት እንላቸዋለን። በሕግ ፊት ግን እኩል አይደሉም።

አራቱ፣ ማለትም አዲስ አበባ፣ አዲግራት፣ እምድብርና ባሕር ዳር-ደሴ፣ የግዕዝ ሥርዓት ይከተላሉ። ቅዳሴያቸው፣ አልባሳታቸው፣ ዜማቸው ለኦርቶዶክስ ምእመን እንግዳ አይሆንበትም። የሚተዳደሩት ሮም በ1990 ለምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ባወጣችው ሕግ ነው። አንድ ላይ ሆነው ራሷን የቻለች አንዲት የምሥራቅ ቤተክርስቲያን ናቸው፤ የአዲስ አበባው ሊቀ ጳጳስ በእውነት የሚመሯትም ይህቺን ነው።

ሌሎቹ ዘጠኙ፣ ማለትም ሐረር፣ መቂ፣ ሐዋሳ፣ ሆሳዕና፣ ሶዶ፣ ጅማ-ቦንጋ፣ ነቀምቴ፣ ጋምቤላና ሮቤ፣ የላቲን ሥርዓት ይከተላሉ። የሚተዳደሩት በ1983ቱ የላቲን ሕግ ነው። ከእነዚህ ስምንቱ «ሐዋርያዊ ቪካሪያት» ይባላሉ፤ ሮቤ ደግሞ ከዚያ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ነው። ቪካሪያት ማለት ገና ሙሉ ሀገረ ስብከት ያልሆነ፣ በመንገድ ላይ ያለ የስብከት ክልል ነው። የአዲግራቱ ጳጳስ የሚያስተዳድሩት በራሳቸው ሥልጣን ነው። የሶዶው ግን የሚያስተዳድሩት በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ስም፣ እንደ እንደራሴ ሆነው ነው። የሶዶው ጳጳስ በወረቀት ላይ «የሶዶ ጳጳስ» እንኳ አይባሉም፤ የማዕረግ ስማቸው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ሕዝቧ ከጠፋ የሰሜን አፍሪካ ወይም የትንሿ እስያ ከተማ ይወሰዳል።

ሮም ውስጥ ያለው ተጠሪነትም ለሁለት የተከፈለ ነው። ኤርትራና ሰሜን ኢትዮጵያ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናትን ለሚከታተለው መሥሪያ ቤት፣ ደቡቡ ደግሞ የወንጌል ስርጭትን ለሚከታተለው መሥሪያ ቤት ይመለከታል። አንድ ሀገር፣ አንድ እምነት፣ ሁለት ሕግ፣ ሁለት ቢሮ። ሁሉንም በአንድ ጠረጴዛ የሚያገናኛቸው የጳጳሳት ጉባኤ ነው። ጉባኤ ግን መመካከሪያ ነው፤ የጋራ አቋም ያወጣል፣ የጋራ ሥራ ያስተባብራል እንጂ አንዱን ጳጳስ በሌላው ላይ አያሠለጥንም።

ይህን ካርታ ማንም ቁጭ ብሎ አላቀደውም። ታሪክ ነው ቁራጭ በቁራጭ የሰፋው።

ሁለት መንገደኞች

የመጀመሪያው ሙከራ መጨረሻው እንዴት እንደነበር ሁላችንም ከትምህርት ቤት እናውቃለን። ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ገባ፤ በትዕግሥትና በቋንቋ ዕውቀት የቤተ መንግሥቱን ልብ አሸነፈ፤ አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆኑ። ፓኤዝ በ1622 ከሞተ በኋላ የመጣው አፎንሶ ሜንዴስ ግን ሕዝቡ ዳግም ይጠመቅ፣ ካህኑ ዳግም ይካን፣ በዓሉና ጾሙ ይቀየር አለ። ውጤቱ ደም ሆነ። በ1632 ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ኢየሱሳውያንም ተባረሩ። ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል በሩ ተዘጋ።

በሩ እንደገና ሲከፈት የገቡት ሁለት ሰዎች ናቸው የዛሬውን ካርታ የሠሩት።

የመጀመሪያው በ1839 ዐድዋ የደረሰው ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ነው። የላዛሪስት ማኅበር አባል፣ ጣሊያናዊ። ከሜንዴስ ውድቀት ተምሯል። የግዕዙን ቅዳሴ እንዳለ ወሰደ፣ የሀገሩን ልብስ ለበሰ፣ የሀገሩን ተወላጆች ቅስና አስተማረ። ከተከታዮቹ ታላቁ የጎጃሙ መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ፤ እሳቸውም በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን በ1855 በእስር ላይ ሳሉ ሞቱ። በኢሮብ፣ በአካለ ጉዛይ፣ በአጋሜ ያሉት የካቶሊክ ቁምስናዎች የዚህ ሰው ልጆች ናቸው። የግዕዝ ሥርዓት የሚከተሉትም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጉልየልሞ ማስያስ ነው፤ እሱም ጣሊያናዊ፣ የካፑቺን ማኅበር መነኩሴ። በ1846 ሮም በወቅቱ ኦሮሞ በሚጠራበት ስም የተሰየመ አዲስ ቪካሪያት አቋቁማ ማስያስን ሾመችለት። እዚያ ለመድረስ ስድስት ዓመት ፈጀበት፤ ጉዱሩ የገባው በ1852 ነው። ፈንጣጣ ይከትባል፣ የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው ያዘጋጃል፣ ሸዋ ላይ ምኒልክን ያማክራል። በ1879 በአፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከሀገር ወጣ። ማስያስ በሄደባቸው አገሮች ያገኘው አብዛኛው ሕዝብ የግዕዝ ቅዳሴ ልማድ የሌለው ነበር። ስለዚህ ይዞት የመጣውን የላቲን ሥርዓት ተከለ።

ልብ በሉ፤ ሰሜን ግዕዝ፣ ደቡብ ላቲን የሆነው በሥነ መለኮት ክርክር አይደለም። ሁለት ማኅበራት በሁለት በር ስለገቡ ነው። ከዚያ በኋላም ሮም እያንዳንዱን ክልል ለአንድ ማኅበር በአደራ መስጠቷን ቀጠለች፦ ሐረርና ወላይታ ካፑቺን፣ ከፋ መጀመሪያ ኮንሶላታ፣ ጅማና ወለጋ በኋላ የሆላንድ ላዛሪስቶች፣ ሲዳማ ኮምቦኒ። ማኅበሩ ሰውም ገንዘብም ከሀገሩ ያመጣል፤ ቁምስናው፣ ክሊኒኩ፣ ትምህርት ቤቱ የማኅበሩን መልክ ይይዛል።

ጣሊያንና ንጉሠ ነገሥቱ

ካርታውን ሦስተኛ ጊዜ የነካካው ወረራው ነው። በ1937 ሀገሪቱ በፋሺስት እጅ ሳለች ሮም የኢትዮጵያን የስብከት ክልሎች እንደ አዲስ ሸነሸነች፤ ጅማ፣ ነገሌ፣ ጎንደር፣ ደሴ እያለች አዳዲስ ክልሎች አወጣች። ፈረንሳውያን ሚሲዮናውያን ወጥተው ጣሊያናውያን ገቡ። ልጅ ተፈሪ መኮንንን ያስተማሩት የሐረሩ ጳጳስ እንድርያስ ዣሮሶ እንኳ ከኖሩበት ሐረር መልቀቅ ግድ ሆነባቸው። ከ1941 በኋላ ደግሞ ጣሊያናውያኑ በተራቸው ወጡ። ያን ጊዜ ብዙ ቁምስናዎችን የያዙት ኢትዮጵያውያን ቀሳውስት ነበሩ። ለዚህም ነው ከ1919 ጀምሮ ቫቲካን ውስጥ ኢትዮጵያውያን ዘረ ክህነት የሚማሩበት ኮሌጅ መኖሩ ዋጋ ያገኘው።

አራተኛው እጅ የመንግሥት ነው፤ ብዙ ጊዜም ይረሳል። በ1944 ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ሚሲዮኖች ድንጋጌ አወጡ። ድንጋጌው ሀገሪቱን ለሁለት ከፈለ፦ የኢትዮጵያ ቤተክርስቲያን ክልልና ክፍት ክልል። በመጀመሪያው ሚሲዮን ትምህርት ቤትና ሆስፒታል መክፈት ይችላል፤ መስበክ ግን አይችልም። በሁለተኛው ሁለቱንም ይችላል። የማስተማሪያው ቋንቋም አማርኛ እንዲሆን ተደነገገ። የደቡቡ ቪካሪያት እያደገ ሲሄድ የመሐል አገሩ ቁምስና ቁጥሩ እምብዛም ያልጨመረበት፣ በከተሞች ግን የካቶሊክ ትምህርት ቤት ስሙ የገነነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ለቁምስና የተዘጋው በር ለትምህርት ቤት ክፍት ነበር።

በ1951 አዲስ አበባ ራሱን የቻለ የግዕዝ ሥርዓት ክልል ሆነ። በ1961 ደግሞ አዲስ አበባ መንበረ ሊቀ ጳጳስ ሲሆን፣ አሥመራና አዲግራት ተጠሪ ሀገረ ስብከቶች ሆኑለት። የመጀመሪያው ሊቀ ጳጳስ አቡነ አሥራተ ማርያም የምሩ ኢትዮጵያዊ ነበሩ። የኦርቶዶክስ ቤተክርስቲያን የራሷን ፓትርያርክ ካገኘች ሁለት ዓመት በኋላ መሆኑን ስናስብ፣ ዘመኑ በሁለቱም ቤት ራስን የመቻል ዘመን እንደነበር እናያለን።

ትምህርት ቤቱ የማን ነው?

ወላጅ «የካቶሊክ ትምህርት ቤት» ሲል አንድ ባለቤት ያለው ይመስለዋል። ባለቤቱ ሦስት ዓይነት ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ የቁምስና ነው፤ ቆሞሱ በቅርብ ይከታተለዋል። አንዳንዱ የሀገረ ስብከቱ ነው፤ በጳጳሱ ጽሕፈት ቤት ይመራል። አንዳንዱ የማኅበር ነው፤ የወንድሞች፣ የእኅቶች ወይም የመነኮሳት። የማኅበሩ አለቃ ያለው ምናልባት ናይሮቢ ወይም ሮም ነው። ጳጳሱ በሦስቱም ላይ የመጎብኘትና የመቆጣጠር መብት አለው፤ ያለ ሥልጣን ያለው አካል ፈቃድም ማንም ትምህርት ቤት «ካቶሊክ» የሚለውን ስም መያዝ አይችልም። የዕለት አስተዳደሩ፣ በጀቱና የርዕሰ መምህሩ ሹመት ግን የባለቤቱ ነው። ስለዚህ በአንድ ከተማ ሁለት የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች በክፍያም በአሠራርም ባይመሳሰሉ አይግረማችሁ።

ከዚህ ሁሉ በላይ መንግሥት አለ። ፈቃድ የሚሰጠውና ሥርዓተ ትምህርቱን የሚያወጣው እሱ ነው። ሕገ መንግሥቱም ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች አብዛኛው ተማሪ ካቶሊክ አይደለም።

የዚህ ነገር ምርጡ ምሳሌ ራሳቸው ኢየሱሳውያን ናቸው። ፋሲለደስ ካባረራቸው ከሦስት መቶ ዓመታት በኋላ፣ በ1945 ንጉሠ ነገሥቱ ከካናዳ ጋበዟቸው። መጡ፤ ግን ለስብከት አልነበረም። የክህነት ቀሚሳቸውን ትተው እንደ ማንኛውም መምህር ለብሰው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን ያዙ። ከመካከላቸው ሉሲየን ማት በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነ። በዘመነ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥቱን ይዘው ሕዝቡን ያጡ ሰዎች፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አንድም ቁምስና ሳይተክሉ አንድ ሙሉ የተማረ ትውልድ ቀረጹ። አሥመራም ላይ የዩኒቨርሲቲው ጅማሬ በ1958 መነኮሳይት የከፈቱት የቅድስት ቤተሰብ ኮሌጅ ነው።

ትምህርት ቤት ግን ንብረት ነው፤ ንብረት ደግሞ ይወረሳል። ደርግ የግል ትምህርት ቤቶችን ሲወርስ ይህን አየን። በ2019 ደግሞ የኤርትራ መንግሥት የካቶሊክ ቤተክርስቲያን የጤና ተቋማትን ሲረከብ እንደገና አየነው። እዚያ የተነሳው ክርክር በመሠረቱ የመዋቅር ክርክር ነበር፦ ክሊኒኩ የእምነቱ አካል ነው ወይስ መንግሥት ሊረከበው የሚችል አገልግሎት?

ድንበር ሲለወጥ

ኤርትራ በ1993 ነፃ ሀገር ስትሆን የካቶሊክ መዋቅሩ ወዲያው አልተከፈለም። የአሥመራ ጳጳስ በቤተክርስቲያን ሥርዓት ለ22 ዓመታት በአዲስ አበባ መንበር ሥር ቆዩ፤ የባድመ ጦርነት እንኳ በዚህ መካከል አለፈ። በ2015 ነው ሮም የኤርትራን ቤተክርስቲያን ራሷን ችላ እንድትቆም ያደረገችው፤ አሥመራ መንበር፣ ከረን፣ ባረንቱና ሰገነይቲ ተጠሪዎች ሆኑ። በዚያው ዓመት ባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከት ሆነ።

ይህ መዘግየት ድክመት ነው ወይስ ብልኀት? ሁለቱም ይመስለኛል። ፖለቲካው ሲሰነጠቅ መዋቅሩ አብሮ ባለመሰንጠቁ ሁለቱ ወገኖች አንድ የጋራ ጠረጴዛ ነበራቸው። በሌላ በኩል ግን ውሳኔው የተጠበቀው ከአሥመራም ከአዲስ አበባም ሳይሆን ከሮም ነበር። ሹመት ከሩቅ ሲመጣ ለጎሣ ግፊት አይመችም፤ ለሕዝቡ ድምፅም እንዲሁ አይመችም። በትግራይ ጦርነት ጊዜ የአዲግራት ሀገረ ስብከት ስልክና ባንክ ተቋርጦበት ብቻውን ሲቀር ደግሞ፣ መዋቅር በወረቀት ላይ ስላለ ብቻ ሰውን ከሰው እንደማያገናኝ አይተናል።

ጊዜያዊው መቼ ያበቃል?

አሁን ወደ ራሴ አስተያየት ልምጣ። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚከነክነኝ አንድ ነገር ነው። በደቡቡ የካቶሊክ መዋቅር «ጊዜያዊ» ተብሎ የተተከለው በ1846 ነው። ከዚያ ወዲህ አፄ ቴዎድሮስ ነግሠው ወደቁ፣ ዐድዋ ተዘመተ፣ ጣሊያን መጥቶ ሄደ፣ ሦስት ሥርዓተ መንግሥት ተቀያየረ። ጊዜያዊው ግን አሁንም ጊዜያዊ ነው። ቪካሪያቱ ተከፋፍለዋል፣ ስማቸው ተለውጧል፣ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አግኝተዋል። ሆኖም የወላይታው፣ የሐዲያው፣ የሲዳማው ካቶሊክ በሕግ ፊት ሙሉ ሀገረ ስብከት የለውም። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት ይታወቃል፦ ገንዘብ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ የካህናት ቁጥር አነስተኛ ነው፣ ቪካሪያት ሆኖ መቆየት ድጋፉን ያቀልላል። ምክንያቱ እውነት ነው። ግን 180 ዓመት የሚደርስ ጊዜያዊነት ምክንያት ሳይሆን ልማድ ነው። ራሱን ያልቻለ መዋቅር ራሱን መቻል አይማርም።

የደቡቡ ታሪክ ግን ስለ ቋንቋ የሚያስተምረን ነገርም አለው። ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በኋላ የላቲን ሥርዓት በየአካባቢው ቋንቋ እንዲቀደስ ተፈቀደ። በዚህ ምክንያት «የፈረንጅ ሥርዓት» የሚባለው በወላይትኛ፣ በሲዳምኛ፣ በኦሮምኛ መቀደስ ጀመረ። የሰሜኑም ከግዕዝ ጋር ትግርኛና አማርኛን ያስገባል። ስለዚህ ቋንቋን የሚወስነው የሥርዓቱ መነሻ አይደለም፤ የአስተዳደሩ ፈቃድ ነው። በ2015 ዓ.ም. ያስጨነቀን ጥያቄ ጳጳስ ሳይሾም፣ መንበር ሳይከፈል ሊመለስ የሚችልበት መንገድ እንዳለ ይህ ያሳያል።

ወዳጆች፣ ስለ ማንኛውም የእምነት ተቋም ስንከራከር የምንጀምረው ከሰው ነው፤ እገሌ የማን ወገን ነው፣ እገሌን ማን ላከው እያልን። የካቶሊኩ ካርታ የሚነግረን ከዚያ በፊት የሚጠየቁ አራት ጥያቄዎች እንዳሉ ነው፦ ማን ይሾማል? ንብረቱ በማን ስም ነው? ትምህርት ቤቱ ለማን ይጠየቃል? «ለጊዜው» የተባለው እስከ መቼ ነው? እነዚህን በሰላሙ ጊዜ ጠይቆ መልስ ያገኘ ተቋም በክፉ ቀን ሲናወጥ የሚይዘው ነገር አለው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? በተለይ በቪካሪያቶቹ ያደጋችሁ፣ ወይም በካቶሊክ ትምህርት ቤት ያስተማራችሁ፣ ከውስጥ ሲታይ መዋቅሩ ምን ይመስላል? ሐሳባችሁን ጻፉልኝ፤ ጽሑፉን ይጠቅመዋል ለምትሉትም አካፍሉ።